አፈር ለመሆን የቸኮሉት የወይዘሮ አርዲስ ትቬት የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ አርዲስ ትቬት ከአባታቸው ከአቶ ኔልስ ብሬከ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሲግኔ ኦስ በዋሽንግተን ግዛት፣ ስታንዉድ አጠገብ በሚገኘው የቤተሰቡ የወተት ላሞች እርሻ እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1942 ተወለዱ። እናታቸው ሲያጫውቱ እንደነበረው፣ አርዲስ በልጅነታቸው ከአሻንጉሊት ይልቅ የፍግ ክምር ይወዱ ነበር። በውርጭ ጠዋት ክምሩ ሲጨስ ካዩ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከተው “እማዬ ነይ ንኪው፣ ይሞቃል እኮ!” እያሉ ይጮኹ ነበር። ለቁርስ ሲጠሩ እጃቸውን ማስታጠብ የቤቱ ሰው ሁሉ ሥራ ነበር።

ትምህርታቸውን በስታንዉድ ተከታትለው በ1960 ሁለተኛ ደረጃን ጨረሱ። ወዲያውም በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ተቀጥረው ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2004 ድረስ የከተማውን ልጆች አበሉ።

ከአቶ ኤልዶን ትቬት ጋር የተዋወቁት በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት በየዓመቱ በሚዘጋጀው የዓሣ እራት ላይ ነው። አቶ ኤልዶን በቁፋሮ ማሽን የሚሠሩ፣ የቤተ ክርስቲያኑንም መቃብር የሚቆፍሩ ወጣት ነበሩ። አርዲስ ምግብ ሲያድሉ የልጁን ጥፍር አይተው፣

“እጅህን ሳትታጠብ ነው እንዴ የመጣኸው?” አሏቸው።

“ኧረ ሁለት ጊዜ ታጥቤያለሁ።”

“ሁለት ጊዜ ታጥበኸው ካልለቀቀ በጣም ጥሩ አፈር ነው። ከየት ነው ያመጣኸው?”

አቶ ኤልዶን ስለ አፈር ጠይቃቸው የምታውቅ ሌላ ሴት አልነበረችም። በጁን 1963 ተጋቡ። ሎረልና ጋርዝ የተባሉ ሁለት ልጆችም ወለዱ።

ወይዘሮ አርዲስ የትምህርት ቤቱ ትራፊ ምግብ በቆሻሻ መኪና ተጭኖ መሄዱ እያንገበገባቸው በ1973 ከወጥ ቤቱ ጀርባ የብስባሽ ክምር ጀመሩ። የክምሩን ሙቀት በወጥ ቤቱ የሥጋ ቴርሞሜትር ሲለኩ ርእሰ መምህሩ ደረሱባቸው።

“ወይዘሮ ትቬት! ነገ ይህንኑ ዶሮ ጥብሱ ላይ ሊሰኩት ነው?”

“ዶሮዬ እንደዚህ እኩል ቢበስልልኝ ምን ነበረበት!”

ለወጥ ቤቱ አዲስ ቴርሞሜትር ተገዛ፤ አሮጌውም የክምሩ ሆኖ ቀረ። በዚያ ብስባሽ የበቀለውን ካሮት ከትምህርት ቤቱ ያለፈ ልጅ ሁሉ በልቶታል።

በባልና ሚስቱ መካከል ያልተፈታ አንድ ጉዳይ ብቻ ነበር። አቶ ኤልዶን በ1996 ከወላጆቻቸው መቃብር አጠገብ የሁለት ሰው ቦታ ያዙና የሁለቱንም ስምና የልደት ዓመት ያስቀረጹበት ድንጋይ አቆሙ። ለባለቤታቸውም፣ “ቀድመሽኝ ከሄድሽ ማሽን አላስነካሽም። በአካፋ ነው የምቆፍርልሽ” ብለዋቸው ነበር። ወይዘሮ አርዲስ በትዳራቸው ዘመን ከሰሙት ሁሉ ደስ የሚለው ቃል ይህ እንደነበር ለልጃቸው ለሎረል ነግረዋታል። ለባላቸው ግን የመለሱት ሌላ ነው።

“ቆፍረህ ቆፍረህ ሲሚንቶ ሳጥን ውስጥ ልትዘጋብኝ! አንተ ሰውዬ፣ ይሄ እኮ መቅበር ሳይሆን ከአፈር መደበቅ ነው።”

“የመቃብሩ ደንብ ነው፣ አርዲስ። ሬሳ ሳጥን ሁሉ በሲሚንቶ ሳጥን ውስጥ ነው የሚገባው።”

“ትሎቹ ደንብ አይበሉም!”

በ2019 የሰው አስከሬን በገለባ፣ አልፋልፋ በሚባል የከብት መኖ ሣርና በእንጨት ስብርባሪ መካከል አርፎ ወደ ለም አፈር እንዲለወጥ የሚፈቅደው ሕግ በግዛቱ ሲወጣ ወይዘሮ አርዲስ ዜናውን የሰሙት መኪና ውስጥ ነበር። በገበያው መኪና ማቆሚያ ሰው ሁሉ እስኪዞር ጥሩምባ ነፉ። ቤት ሲደርሱ ጫማቸውን እንኳ አላወለቁም።

“ኤልዶን! ተፈቀደ!”

“ምኑ?”

“እኔ! እኔ ተፈቀድኩ! ብስባሽ መሆን እችላለሁ!”

አቶ ኤልዶን ጋዜጣቸውን አጠፉ። “አንቺ የፈለግሽውን ሁኚ። እኔ ስሜ ያለበት እገባለሁ” አሉ። በዚህም ዕድሜያቸውን በአንድ አልጋ የተኙ ሁለት ሰዎች በመጨረሻ የተለያየ ቦታ ሊያርፉ ሆነ። ወይዘሮ አርዲስ አፈር የመሆን ሐሳባቸውን ከቶ አልተዉም፤ ይሁንና ያ ቃል ያስከፋቸው ነበር።

በ2022 መኸር ዛሬ የተሰበሰብንበት ይህ አስከሬን ወደ አፈር የሚለወጥበት ቤት ለጎብኚዎች በሩን ሲከፍት ባላቸውን እየጎተቱ መጡ። ስለ እርጥበቱ፣ ስለ አየሩና ስለ ሙቀቱ ሲጠይቁ አስጎብኚዋ ለሌሎቹ ዕድል እንዲሰጡ ለመነቻቸው። አቶ ኤልዶን ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ በሩ ሥር ቆመው ነበር። አስጎብኚዋ በሳህን ጥቂት አፈር ስታዞር እሳቸውም ጋ ደረሰ። በጣታቸው ፈተጉት፤ አሸተቱት።

“ይሄ ማን ነው?” አሏት።

“አናጢ ነበሩ። ቤተሰባቸው ፈቅደው ነው የሰጡን።”

አቶ ኤልዶን ባርኔጣቸውን አወለቁ። በመንገድ ላይ ወይዘሮ አርዲስ መታገሥ አቅቷቸው፣ “ታዲያስ?” ቢሏቸው፣ “አፈሩ ደህና ነው” ብቻ አሉ። ከዚያ በኋላ ነገሩ አልተነሣም። ወይዘሮ አርዲስ ብቻቸውን ተመዘገቡ።

በዚህ ክረምት ብርዱ ሲገባ ልባቸው ደከመ። ሆስፒታል መመላለሱን ትተው አልጋቸውን አትክልቱ በሚታይበት መስኮት ሥር አስደረጉ። ሊጠይቋቸው የሚመጡትን ሁሉ፣ “አታልቅሱ፤ እኔ እኮ በበጋ ሥራ አለኝ” ይሏቸው ነበር። ሊያርፉ ሁለት ቀን ሲቀራቸው አቶ ኤልዶን ከውጭ ገብተው አጠገባቸው ተቀመጡ።

“ቦታውን ለቤተ ክርስቲያኑ መለስኩት” አሉ።

“የቱን ቦታ?”

“የእኛን።”

“ድንጋዩስ?”

“ገልብጬ የአትክልቱ በር ላይ መርገጫ አደርገዋለሁ።”

“ስሜን ልትረግጠው?”

“ገልብጬ አልኩሽ እኮ።”

ወይዘሮ አርዲስ ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ “ታዲያ አንተ የት ልትገባ ነው?” አሏቸው።

“አንቺ ባለሽበት ነዋ። ለእኔ ሲሆን ብቻ አልፋልፋውን ቀንሱልኝ፤ ያስነጥሰኛል።”

ሎረል ማድ ቤት ሆና ሳቅ ሰምታ ሮጣ ስትመጣ እናቷ የኦክስጅን ቱቦውን ከአፍንጫቸው አውጥተው እንባቸው እስኪወርድ ይስቁ ነበር።

ወይዘሮ አርዲስ በተወለዱ በ82 ዓመታቸው፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2025 ጠዋት በቤታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን አቶ ኤልዶንን፣ ልጆቻቸውን ሎረልንና ጋርዝን፣ አምስት የልጅ ልጆችንና የማይቆጠር ትል ትተው ሄደዋል።

አሁን ይህ ጽሑፍ ተነብቦ ሲያበቃ አቶ ኤልዶን የመጀመሪያውን እፍኝ ገለባ በወይዘሮ አርዲስ ላይ በእጃቸው ያኖራሉ፤ አካፋም ማሽንም አልፈለጉም። ሌሎቻችን ተከትለን አበባችንን እንጨምራለን። እባካችሁ ሽቦውን፣ ሪባኑንና ፕላስቲኩን አውጡ፤ ወይዘሮ አርዲስን ምን እንደሚያናድዳቸው ታውቃላችሁ። አፈሩ በበጋ መግቢያ፣ በጁን ወር፣ ሲደርስ ግማሹ በግቢያቸው ላሉት የፖም ዛፎች ይሆናል። የሚወድ ሁሉ ለደጁ የሚሆን እንዲወስድ ባልዲ ይዞ ይምጣ። ሌላው ግማሽ አቶ ኤልዶን በሠሩት የዝግባ ሳጥን ውስጥ ተከድኖ፣ ከእሳቸው ጋር እስኪቀላቀል ድረስ ይቆያል። እሳቸውም መቸኮል እንደሌለባቸው ልጆቻቸው ነግረዋቸዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በደስታ ይቀበል። ገለባው ለስልሶ ይያዛቸው፤ አፈሩም እሳቸውን ይምሰል፣ ሞቅ ያለና ለጋስ። አሜን።