ሞተሩን ከመቀመጫህ

ወንድምዓለም፣

ልቀሰቅስህ ነበር፤ ፊትህን ካየሁ እንጣላለን ብዬ ተውኩት።

የጀልባችንን ሞተር መቆጣጠሪያ በብስክሌት ፍሬን ሽቦ እስከ መቀመጫህ ድረስ አምጥቼልሃለሁ። የፍሬኑን እጀታ ስትጨብጠው ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ስትለቀው ይቀንሳል። የማጥፊያውን ገመድ እጅህ ላይ እሰረው፤ ከወደቅክ ሞተሩ ራሱ ይጠፋል። ሸራውን አውርደህ ወደ ዳር ስትመጣ፣ ከእንግዲህ ወደ ኋላ ተንጠልጥለህ ሞተሩን እንዳትነካ።

ትናንት ማዕበሉ ሲያነሳህ የሸሚዝህን ኮሌታ ባልይዝ ኖሮ...

ተወው። አንተማ "አይ የኔ ፈሪ!" ብለህ ሳቅክብኝ።

እማዬ ዛሬ ትመጣለች። ሸሚዙ ለምን እንደተቀደደ አንተው ንገራት።

አባዬን ውሃ እንደወሰደው የነገርኳት እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ ለመንገር አቅም የለኝም።

እህትህ