የአየር ፈተናውን ስላለፍኩ የቀረበ አቤቱታ

ለተከበሩ የቤቶች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት፣ የቤት ውስጥ አየር ምርመራ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የተሰጠኝ «እጅግ በጣም ጥሩ» ውጤት እንዲሰረዝልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና በተለይም ለሳንባዎ ሙሉ ጤንነት እየተመኘሁ፣ ይህ ደብዳቤ በመልካም አየር ውስጥ ተቀምጠው እንደሚያገኝዎ ተስፋ አደርጋለሁ። የእኔን ደህንነት የጠየቁ እንደሆነ፣ የጽሕፈት ቤትዎ ማኅተም ያረፈበት ማስረጃ በእጄ ስላለ ደህና አይደለሁም ለማለት መብት የለኝም።

በሦስተኛው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ከባለቤቴና ከሰባ ስምንት ዓመቷ እናቴ ጋር የምኖር የሒሳብ መምህር ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬአለሁ፤ በእነዚህ ዓመታት በፈተና ክፍል ውስጥ በወንበሮች መካከል የተመላለስኩት መንገድ ቢቀጠል ሌላ አገር ያደርሳል። በጭን ላይ የተጻፈ ቀመር፣ በላጲስ ልባስ ውስጥ የተጠቀለለ መልስ፣ በሳል የሚተላለፍ ምልክት፣ ሁሉንም በየተራ ይዣለሁ። ተማሪዎቼ «ጭልፊት» እያሉ እንደሚጠሩኝ ስሰማም ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን የምነግርዎ ለመፎከር ሳይሆን፣ ከዚህ በታች የማወራልዎትን ሰው በሚገባው ልክ እንዲንቁት ነው።

አቤቱታዬን በቁጥር እንድዘረዝር ይፈቀድልኝ፤ የሙያ ልማድ ሆኖብኝ ነው።

1ኛ. በቅድሚያ ምስጋና። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ በግድግዳው ውስጥ እንደሚያፈስ፣ እናቴ የምትተኛበት የጓዳ ክፍል እንደራሰ፣ ጥቁር ሻጋታ ከወለሉ ተነስቶ ወደ ላይ እየወጣ እንደሆነና የእናቴ ትንፋሽ ማፏጨት እንደጀመረ ለጽሕፈት ቤትዎ በጽሑፍ ካመለከትኩ ዓሥራ አራት ወር ሆኖኛል። ግድግዳውን ራሴ እንዳልሰብረው ደንባችሁ ይከለክላል። ጽሕፈት ቤትዎም ጉዳዩን ሲያስብበት፣ ሲያስብበት ቆይቶ፣ የቧንቧ ሠራተኛ ብጠይቅ የሳይንስ ሰው ላከልኝ። ለካ በአዲሱ መመሪያችሁ መሠረት የአንድ ቤት ቧንቧ የሚጠገነው መጀመሪያ አየሩ ተመርምሮ ሲወድቅ ነው። ለዚህ ክብር ስለበቃን ቤተሰቤ በሙሉ እጅ ነሥቷል።

2ኛ. የመጡት ባለሙያ ትሑት፣ ድምፃቸው ለስለስ ያለ ጎልማሳ ነበሩ። ከአንድ ዳቦ የማይበልጥ ነጭ ሣጥን አውጥተው፣ አረንጓዴው መብራት ጥሩ፣ ቀዩ መጥፎ መሆኑን አስረድተውን፣ ለሦስት ቀን ትተውት እንደሚሄዱ ነገሩን። ሲወጡም በር ላይ ቆመው «እንደ ወትሯችሁ ኑሩ» አሉን። ቅሬታዬ በዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። እንግዳ ዓይኑን አፍጥጦ ተቀምጦ እንደ ወትሮው የሚኖር ቤት በየትኛው ሕንፃ ላይ እንዳጋጠማቸው ብጠይቃቸው በወደድኩ። የእግራቸው ኮቴ ከደረጃው ሳይጠፋ ባለቤቴ መጋረጃዎቹን አውርዳ ዘፍዝፋቸው ነበር። እኔም በጉልበቴ ተንበርክኬ ወለሉን ፈተግሁት። መስኮቶቹን ሁሉ በርግደን ከፍተን፣ ካፖርት ለብሰን ሳሎን ውስጥ ሦስት ቀን ተቀመጥን። ዘይት የሚባል ነገር ምድጃ አልነካም፤ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በላን። ጫማዬን የምቦርሸው ደረጃ ላይ ሆነ፤ አቧራ እንዳይነሳም ቤት ውስጥ የምንሄደው በእግር ጣታችን ነበር።

3ኛ. ባለሙያው ሣጥኑን የት ላስቀምጠው ብለው ጠይቀውኛል፤ ይህን መካድ አልችልም። ሳሎን አልኳቸው። እንግዳ የሚቀመጠው ሳሎን ነው፤ ገበናውን ሊያሳይ እንግዳን እጁን ይዞ ወደ ጓዳ የሚያስገባ ሰው አላውቅም። ስለዚህ የእርስዎ መሣሪያ በቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ በተከፈተው መስኮት ሥር ተቀምጦ፣ ሦስት ቀን ሙሉ የጎዳናውን ነፋስ ሲለካ ሰነበተ። በባለሙያው ቅጽ ላይ የክፍሎች ብዛት የሚሞላበት ቦታ ነበር፤ «ሦስት» ብለው በሐቅ ሞሉት። የታመመው ክፍል የትኛው እንደሆነ የሚጠይቅ ቦታ ግን ቅጹ ላይ አልነበረም፤ እኔም ያልተጠየቅሁትን አልመለስኩም። ባለቤቴ ደግሞ በመንግሥት ንብረት ላይ አቧራ እንዳያርፍ ተጨንቃ የቴሌቪዥኑን ዳንቴል አነሳችና አለበሰችው። አንድም ነገር የማያመልጠው ጭልፊት ይህን በዓይኑ አይቶ፣ ጠጋ ብሎ የዳንቴሉን ጫፍ አስተካከለ።

4ኛ. ይህችን ቁጥር ብዘላት ደስ ባለኝ። እናቴ በሳለች ቁጥር መብራቱ ቀይ ይሆናል ብዬ ሠጋሁ። ስለዚህ ለሦስቱ ቀን ታናሽ እህቴ ዘንድ ላደርሳት ልብሷን በፌስታል ስከት፣ እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስታየኝ ቆየችና «ዕቃው የመጣው ለኔ ሳል አይደል እንዴ? ታዲያ እኔን ወዴት ነው የምትወስደኝ?» አለችኝ። ፈተናው እስኪያልፍ ብቻ ነው፣ እማዬ፣ አልኳት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ልጄ» ብላ፣ የደረጃውን ብረት ይዛ፣ በየፎቁ እያረፈች ወረደች። እኔም ፌስታሉን አንጠልጥዬ ከኋላዋ ስከተል፣ አሮጊት መቼም ቴክኖሎጂ አይገባትም እያልኩ በልቤ አዝንላት ነበር። ክቡር ሆይ፣ ብዙ ነገር ሳስታውስ እስቃለሁ፤ ይህን ሳስታውስ ግን አፍራለሁ።

5ኛ. ውጤቱ መጣ። በግቢያችን ሦስት ሕንፃዎች ካሉት ቤቶች ሁሉ አንደኛ ወጣን። «እጅግ በጣም ጥሩ» በሚለው የምስክር ወረቀት ላይ በስፒል የተያያዘ ሌላ ወረቀት ነበር፤ የቤቱ አየር ንጹሕ መሆኑ በምርመራ ስለተረጋገጠ የቧንቧ ጥገና ጥያቄዬ መዘጋቱን ይገልጻል። ሁለተኛውን ወረቀት ከማንበቤ በፊት የመጀመሪያውን ሦስት ጊዜ ማንበቤን፣ ፍሬም አሠርቼም ሳሎን መስቀሌን አልደብቅዎትም። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥም ጨዋታውን ወደ አየር እየጠመዘዝኩ ደረጃዬን የማልነግረው ሰው አልነበረም።

ከእኛ በታች የሚኖር፣ ቧንቧው እንደ እኛው የሚያፈስ አንድ ጎረቤት አለን፤ ሕንፃው በሙሉ «ግድ የለም» ብሎ ነው የሚጠራው። እሱ እንደ ወትሮው ኑር ሲባል እንደ ወትሮው ኖረ። ዓሣውን ጠበሰ፣ ሲጋራውን አጨሰ፣ እርጥብ ልብሱን ከግድግዳ ግድግዳ አሰጣ፤ መብራቱ በመጀመሪያው ቀን ቀላ። መውደቁን ስሰማ ደረጃ ላይ አስቁሜ አጽናናሁት፤ ለሚቀጥለው ጊዜ እንደማስጠናውም ቃል ገባሁለት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሠራተኞቻችሁ መጥተው ግድግዳውን ሰብረው፣ ቧንቧውን ቀይረው፣ ቀለም ቀብተውለት ሄዱ። አሁን ባገኘኝ ቁጥር «እንኳን ደስ አለዎት፣ መምህር» ይለኛል። ከልቡ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

6ኛ. እናቴ እህቴ ቤት ሦስት ቀን ጋደም ብላ ተኝታ፣ ሳሏን ረስታ ተመለሰች። እዚህ በገባች በሁለተኛው ቀን ፉጨቱ መጣ። አልጋዋን ወደ ሳሎን አወጣነው፤ እርጥበት ግን እንደ እንግዳ ሳሎን ላይ የሚቆም አይደለምና ተከትሏት ገባ። አሁን ቀኑን የምታሳልፈው ከበሩ ውጭ፣ ደረጃው ራስ ላይ ወንበር አስቀምጣ ነው። ሐኪሟ፣ መጪውን የዝናብ ወራት በዚህ ቤት ካሳለፈች ሳንባዋ እንደማይችለው ሳያድበሰብስ ነግሮኛል። እህቴ ልትወስዳት ተዘጋጅታለች፤ አምስት ሰው በሚተኛበት ሁለት ክፍል ውስጥ ለስድስተኛ ቦታ እየፈለገች ነው። እናቴ ግን ከቤቴ አልወጣም ብላለች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ ያታለልኩት እኔ፣ ትንፋሽ የሚያጥራት እሷ። እፈራለሁ፣ ክቡር ሆይ።

7ኛ. ይህን ለማስረዳት በአካል ቀርቤ ነበር። በመስኮቱ ያሉት ሠራተኛ በጣም ጨዋ ናቸው። የምስክር ወረቀቱ ለሁለት ዓመት የጸና መሆኑንና የቅሬታ ቅጽ የሚሰጠው ለወደቁ ብቻ መሆኑን ካስረዱኝ በኋላ፣ «አልፈው ሳለ ምን ጎደለዎት?» ብለው ጠየቁኝ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ጣሉኝ ብሎ የለመነኝ ተማሪ ስላልነበረ፣ በመገረማቸው አልፈረድኩም።

ስለዚህ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ መባሌን እያወቅሁ የምጠይቅዎ ይህን ብቻ ነው። በእኔ የፈተና ክፍል ሲኮርጅ የተገኘ ተማሪ ወረቀቱ ይቀደዳል፤ እንደገናም ተፈትኖ የሚገባውን ያገኛል። የብዙ ሰው ልጅ ወረቀት ቀድጃለሁ፤ የእኔም ይቀደድልኝ። ሣጥኑን መልሰው ይላኩት። ወለሉን አልጠርግም፣ መስኮት አልከፍትም፣ ባለቤቴም ዳንቴሉን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን ለእናቴ እንድትሰጥ ተስማምተናል። ባለሙያውን በክብር ተቀብዬ፣ ሳሎኑን አሳልፌ፣ ጓዳ አስገባቸዋለሁ፤ እናቴም ከሣጥኑ አጠገብ ተቀምጣ እንደ ልቧ ትስላለች። እንደምንወድቅ እርግጠኛ ነኝ፤ በሕይወቴ ለአንድ ፈተና እንዲህ በደንብ ተዘጋጅቼ አላውቅም።

ለተደረገልኝ ምርመራ፣ ለተሰጠኝ ማዕረግና ለተዘጋው ጥያቄዬ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት ደግሜ እየገለጽኩ፣

መስኮቴን ከፍቼ መልስዎን የምጠባበቅ፣
በአየር አንደኛ የወጣሁት፣
የአራተኛ ፎቁ መምህር

ግልባጭ፦
— ለጎረቤቴ ለግድ የለም (ከይቅርታ ጋር)
— ለእናቴ (ደረጃው ራስ ላይ)

ማሳሰቢያ፦ የምስክር ወረቀቱን ሳሎን የሰቀልኩት ለክብር ብቻ አልነበረም። ግድግዳው ላይ መዳፍ የምታክል ሻጋታ ብቅ ብላ ስለነበር፣ እንኳን ደስ አላችሁ ሊሉን የሚመጡ ሰዎች እንዳያዩዋት ሸፈንኩባት። ትናንት እናቴ ወንበር አስጠግታ በስንዝሯ ስትለካት፣ ሻጋታዋ ከፍሬሙ በግራ በኩል አንድ ስንዝር፣ ከሥሩ ደግሞ ግማሽ ስንዝር ወጥታለች፤ በዚህ ቤት ውስጥ እስካሁን በትክክል የተለካ ነገር ይኸው ብቻ ነው። እንግዲህ የቧንቧ ሠራተኛ መላክ ለጽሕፈት ቤትዎ የሚከብድ ከሆነ፣ ቢያንስ ሰፋ ያለ የምስክር ወረቀት እንዲላክልኝ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ።