የአክስቴ እንባ ያስገኘው ሙሉ ነጥብ

ለተከበራችሁ የዘጋቢ ፊልሞች ተአማኒነት ገምጋሚ ጉባኤ ሰብሳቢና አባላት፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤና እመኝላችኋለሁ፤ በተለይም ለዓይናችሁና ለጆሯችሁ፤ ሕዝቡ ማንን ማመን እንዳለበት የሚወሰነው በእነርሱ ነውና። እኔ ባለፈው ሳምንት «እጅግ ተአማኒ» የሚል ማኅተም ያሳረፋችሁበትን፣ ሠራተኞቻቸው ከጀርባ «አረፋው» እያሉ ስለሚጠሯቸው የሳሙና ፋብሪካ ባለቤት የሚተርከውን ፊልም ቆርጬ የቀጠልኩት ኤዲተር ነኝ። ለሙገሳችሁ እጅ እነሣለሁ። ይሁን እንጂ ሙገሳው አላስቀምጥ ስላለኝ፣ ጥቂት ቅሬታዎቼን በታላቅ ትሕትና ላቀርብ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፤ ፊልሙ ባለሀብቱን «ያለ ፍርሃት ወቅሷቸዋል» በማለት ለሚዛናዊነቱ ሙሉ ነጥብ ሰጥታችሁታል። እውነት ነው፣ ወቅሷቸዋል። ቁጡ እንደሆኑ፣ ስብሰባ እንደሚያረፍዱ፣ ሥራ ስለሚያበዙም ለልጆቻቸው ጊዜ እንደሚያጡ በድፍረት ተነግሯል። በእኛ ክፍል ይህችን ዓይነት ወቀሳ «ጨው» እንላታለን፤ ሙገሳው እንዳይሰለች ጣል የምትደረግ ናት። የዚህኛውን ፊልም ጨው የላከልን የራሳቸው የባለሀብቱ ቢሮ መሆኑን ብትጠይቁኝ እነግራችሁ ነበር። አልጠየቃችሁም፤ ሰው ባለማስቸገራችሁ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ ፊልሙን ያሠሩት ባለሀብቱ ራሳቸው መሆናቸው መጨረሻው ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ጽሑፉ ሲያልፍ ግን መብራቱ በርቶ፣ እናንተ ተነሥታችሁ በማጨብጨብ ላይ ነበራችሁ። እኔም ከኋላ ወንበር ሆኜ አብሬያችሁ ስላጨበጨብኩ፣ በዚህኛው ብዙም አልፈርድባችሁም።

ሦስተኛው ትንሽ ይረዝማልና ታገሡኝ። በውሳኔያችሁ ላይ «የእኚህ እናት የምስጋና እንባ ከማንኛውም ሰነድ በላይ ይመሰክራል» ብላችሁ የጻፋችሁላት ሴት፣ እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ባለቤቷ፣ እኔ ጋሼ የምላቸው፣ በዚያ ፋብሪካ የቦይለር ሠራተኛ ነበሩ። ቦይለሩ ፈንድቶ ሲሞቱ ፋብሪካው ጥፋቱን በእርሳቸው ቸልተኝነት አላከከ። አክስቴ ከዚያ ወዲህ ፋብሪካውን ከስሳ የምትከራከረው ጥፋቱ የእርሳቸው እንዳልሆነ እንዲታመንላት ብቻ ነው። ካሜራ ፊት እንድትቀመጥ የለመንኳት እኔ ነኝ፤ አንተ ካለህበት እውነቱ አይጠፋም ብላኝ ሻሿን አስተካክላ ተቀመጠች። ቦይለሩ ያፈስ እንደነበር፣ ጋሼ ደጋግመው አመልክተው ሰሚ እንዳጡ ተናግራ አለቀሰች።

የፊልሙ አዘጋጅ ንግግሯን ጥለህ እንባዋን አስቀርልኝ አለኝ። ጣልኩት። ባለሀብቱ ለሠራተኞች የቤት ቁልፍ ሲያድሉ ከሚታይበት ምስል ቀጥሎ እንባዋን አስገባሁ፤ ለስለስ ያለ ሙዚቃም አለበስኩት። መጋጠሚያው እንዳይታወቅ ተጠብቤበታለሁ፤ ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው!

ከመካከላችሁ አንድ ሰው እንኳ ይህች ሴት ምን ብላ ነው የምታለቅሰው ብሎ ቢጠይቅ፣ ያልተቆረጠውን ቅጂ አምጡ ቢል፣ ያን ጊዜ አወጣው ነበር እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። እርግጠኛ ግን አይደለሁም፤ እንጀራዬን ከማጣት በላይ የምፈራው ነገር እንዳልነበረኝ አሁን አውቄዋለሁ።

አሁን የፋብሪካው ጠበቃ ፊልሙን ከነማኅተማችሁ ለችሎት አቅርቦታል፤ እንዲህ አልቅሳ ያመሰገነች ሴት ምን ቅሬታ አላት እያለ ይከራከርበታል። ጎረቤቶቿም የባሏን ደም በቁልፍ ለወጠች ብለው ሰላምታ ነፍገዋታል። ቁልፍ የሚባል ነገር በእጇ ገብቶ አያውቅም።

ትናንት እኔ ቤት መጥታ ፊልሙን አየችው። ብትጮህብኝ፣ ብትረግመኝ በወደድኩ። እስኪያልቅ ተመለከተችና፣ በዚያ ልጅ ሳለሁ ታባብለኝ በነበረው ድምፅ፣ ልጄ፣ ያለቀስኩት ለቁልፉ ነበር እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። በማኅተማችሁ ፊት የገዛ እንባዋን ተጠራጠረችው። እኔም ተነሥቼ ፊልሙን አጠፋሁት።

ስለዚህ ለፈጣን ፍርዳችሁ፣ ለጭብጨባችሁና ማንንም ላለመጠየቅ ላሳያችሁት ጨዋነት ያለኝን ምስጋና በድጋሚ እየገለጽኩ፣ ከተደላደለው ወንበራችሁ ሳያናውጻችሁ፣ የማኅተማችሁንም ቀለም ሳያደርቅ ያሰንብታችሁ እላለሁ።

ከማክበርና ከማፈር ጋር፣
መጋጠሚያው አይታወቅም ብላችሁ ያደነቃችሁት ኤዲተር

ማሳሰቢያ፦ ያልተቆረጠውን ቅጂ ዛሬ ጠዋት ከአክስቴ ጋር ሄጄ ለችሎቱ አስረክቤያለሁ፤ የጠየቀችኝንም እዚያው በር ላይ መልሼላታለሁ። ይህንን ደብዳቤ ደግሞ ለተአማኒነቱ መገምገማችሁ ስለማይቀር፣ ጸሐፊውን ራሱን ያለ ፍርሃት እንደወቀሰ ልብ በሉልኝ፤ በመስፈርታችሁ መሠረት ሙሉ ነጥብ ይገባዋል። እንባ ግን አላስገባሁበትም። የነበረኝ የአክስቴ እንባ ነበር፤ እርሱንም ለእናንተ ጨርሼዋለሁ።