ዋስ የማይጠራ አክሲዮን

ኦስሎ፣ ሃውገሩድ
እሑድ፣ ግንቦት 4 ቀን 2011 ዓ.ም

ለልጄ ለፋኑኤል፤ ማልታ

የኔ ጌታ፣ እንዴት ከርመሃል? የደሴቲቱ ሙቀት ተስማማህ? በላክኸው ፎቶ ላይ ከስተህ አየሁህ። "ጂም ነው እማ" እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ምሳ መዝለል ነው እላለሁ። እኔ ደህና ነኝ። በረዶው ሲሄድ የጉልበቴም ሕመም አብሮት ሄደ። የምሠራበት መዋዕለ ሕፃናት፣ ባርነሃገው ውስጥ፣ ሕፃናቱ ለሜይ አሥራ ሰባት ብሔራዊ በዓል መዝሙር እየተለማመዱ ጆሮዬን ሊያደነቁሩት ነው።

ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። በስልክ ስናወራ ሁልጊዜ ትረታኛለህ፤ ገና አፌን ሳልከፍት መልሱ ይዘጋጃል። በወረቀት ግን እስክጨርስ ትሰማኛለህ። ፊደሉ ከከበደህ ቀስ ብለህ አንብብ። ቅዳሜ ቅዳሜ እያለቀስክ ቤተ ክርስቲያን የወሰድኩህ ለዚህ ቀን ነው።

ነገሩ የአክሲዮኑ ነው። እቁቤ ሲደርሰኝ መቶ ሃያ ሺውን ክሮነር በመሥሪያ ቤትህ አክሲዮን ላይ እንዳውለው ለምነኸኛል። "የኢንተርኔት ቁማር አትበይ፣ ጌሚንግ በይ" ስትለኝ ስቄብሃለሁ። ስዊድን አዲሱን የቁማር ፈቃድ ሕግ ካወጣች ወዲህ ዋጋው በግማሽ ወርዷል፣ አሁን ርካሽ ነው፣ እዚያ ፈቃድ አግኝተናል፣ ኖርዌይም ነገ ከነገ ወዲያ የስዊድንን መንገድ ትከተላለች፤ ያኔ ዋጋው እጥፍ ሆኖ ሊንደበርግ ሰፈር ላየሽው ቤት ቅድመ ክፍያ ከፍለሽ ይተርፍሻል አልከኝ። አልዋሽህም፣ ልቤ ቋመጠ። ከሃያ ሁለት ዓመት ኪራይ በኋላ የማይቋምጥ ማነው?

ግን ሳላይ አልገባም ብዬ የኩባንያውን ዓመታዊ ሪፖርት ይዤ ፎቅ ላይ ወዳለችው ወደ ዮሐና ወጣሁ። ሕግ እየተማረች ነው። ሁለት ማታ አብራኝ አነበበችው።

"ታንተ ጸዲ፣ ስለ ሪሲኮ፣ ስለ ስጋቱ ብቻ አሥራ አንድ ገጽ አለው" አለችኝ፤ እንደ አክስቷ ነው የምትጠራኝ።

"ስለ ትርፉስ?"

"ሁለት፣ ከነፎቶው።"

ከሚያገኙት አምስት ክሮነር አንዱ ከኖርዌይ ነው። እዚህ ደግሞ ፈቃድ የላቸውም። "ግራጫ ገበያ" ይሉታል።

"ግራጫ ማለት ምንድነው? ተፈቅዷል?"

"ናይ፣ አልተፈቀደም።"

"እና ገንዘቡ እንዴት ይደርሳቸዋል?"

"ባንኮቹ እንዳያስተላልፉ ተከልክለዋል፤ ግን ኩባንያዎቹ ሌላ ሌላ መንገድ ያገኛሉ። አሁን ሚኒስቴሩ ቁጥጥሩን ማጥበቅ ይፈልጋል። ፓርላማውም በብዛት የመንግሥቱ የቁማር ድርጅት ብቻውን ይቆይ ባይ ነው። የስዊድንን መንገድ ይከተላሉ ያለሽ ማነው?"

"ልጄ ነዋ" አልኩ። ገጹን ገለጠች፤ ጨዋ ልጅ ናት።

ይህን ሳወጣ ሳወርድ ባለፈው እሑድ እቁቡ ደረሰኝ። እንደምታውቀው በእኛ እቁብ ቀድሞ የወሰደ ሰው ዋስ ሳይጠራ ገንዘቡን አይነካም። ዳኛው "ዋስሽ ማነው?" ሲለኝ እኔ ሞኟ ሳላማክረው "ጌቱ" አልኩ። ክርስትና ያነሳህ ጌቱ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ የሁላችንም ዋስ የሆነው ጌቱ፣ ይጠየቃል እንዴ?

ከመቀመጫው ተነሳና "ሌላ ሰው ጥሪ፣ ጸዲ" አለ።

አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። በሰው ፊት ዋስ መነፈግ ምን እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም፤ ፊቴ ተቃጠለ። ቆንጂት እግዜር ይስጣትና ፈጥና "እኔ አለሁ፤ ለቤት አይደል?" ብላ ፈረመችልኝ። "አዎ፣ ለቤት" አልኩ። ያን ጊዜ ግን ሐሳቤ ገና ለሁለት እንደተከፈለ ነበር።

ንዴቴ ስላልበረደልኝ ጌቱን ኮት መስቀያው ጋ ደረስኩበት። "ምን በደልኩህ?" አልኩት።

"አንቺ ምን ትበድይኛለሽ? እኔ ለራሴም ዋስ የለኝም" አለ። "ደመወዜን ዕዳ ሰብሳቢው ኢንካሶ ነው የሚወስደው።"

"ምን ተበድረህ?"

ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። አውቶቡሱን መጨረሻ ፌርማታ ላይ አቁሞ እረፍት ሲወጣ ነበር የሚጫወተው። መጀመሪያ በሃምሳ ክሮነር፣ ኋላ በብድር ካርድ፣ ኋላ በሌላ ብድር። ስልኩ ላይ ያለው ምልክት የሪፖርቱ ሽፋን ላይ ያለው ምልክት ነው።

"ሦስት ጊዜ አካውንቴን ዝጉልኝ ብዬ ጻፍኩላቸው" አለኝ። "በጥሩ ኖርስኛ የሚጽፍ ጨዋ ልጅ ይመልስልኛል። 'ከመሄድህ በፊት' ይለኝና ሃምሳ ነጻ ጨዋታ ይሰጠኛል። እኔም አልሄድም።"

የዚያን ልጅ ስም አልጠየቅኩትም። እዚያ ቢሮ ለደንበኛ በኖርስኛ የምትጽፉ ሠላሳ ልጆች እንደሆናችሁ ነግረኸኛል። ሠላሳ ብዙ ነው ብዬ ቤቴ እስክገባ ራሴን አጽናናሁ።

ከዚያ ሪፖርቱን እንደገና ገለጥኩት። ስዊድን ውስጥ ፈቃድ ያለው ኩባንያ ለአንድ ደንበኛ ቦነስ፣ ማለትም ነጻ ጨዋታ፣ መስጠት የሚችለው አንድ ጊዜ፣ ሲጀምር ብቻ ነው። እዚህ ግን ፈቃድም ስለሌለ "በቃህ" የሚለው የለም። ለጌቱ ሦስቴ የተሰጠው ለዚህ ነው። እንግዲህ ልጄ፣ አስላው። ኖርዌይ የባንኩን መንገድ ከዘጋች ከአምስቱ አንዱ ይቀራል። እንደ ስዊድን ከፈቀደችም ግብር ትጥላለች፣ ቦነሱንም ትቆርጣለች፤ የወፈረው ትርፍ ያኔም ይከሳል። አንተ ያየኸው የሚለመልመውን ብቻ ነው፤ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይሏል ይሄ ነው። "ገበያው ይህን ሁሉ ያውቃል፣ ዋጋው ውስጥ ገብቷል" ትለኝ ይሆናል። ገበያው ጌቱን አያውቀውም። ኩባንያህን እቁባችን ውስጥ አስገብቼ "ዋስህን ጥራ" ብለው ማንን ይጠራል? እስኪ ንገረኝ።

ስለዚህ አንዲት ክሮነር አላስገባም። ማክሰኞ ባንክ ቀጠሮ አለኝ። ቆንጂት የፈረመችው ለቤት ነው፤ ቤት እገዛለሁ። ሊንደበርግ ያየሁት ባለ ሦስት ክፍል ነው፤ ትንሿ ክፍል ጠዋት ፀሐይ ታገኛለች። የአንተ ናት። ኪራይ አልጠይቅህም፤ ሳህን ግን ታጥባለህ።

አልቆጣሁህም ብል ውሸት ነው። ተቆጥቻለሁ፤ ሁለት ሌሊትም አልቅሻለሁ። ግን እንጀራ ፍለጋ እንደሄድክ አልዘነጋሁም፤ እዚህ አርባ ቦታ አመልክተህ ለቃለ መጠይቅ እንኳ የጠራህ አንድ ብቻ ነበር።

ደግሞ ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ስማ። ሚኒስቴሩ ስለ ባንክ ቁጥጥሩ ከማንም ሰው አስተያየት ይቀበላል አሉ። ጌቱ ስሙን ሳልጠራ ታሪኩን እንድጽፍ ፈቀደልኝ፤ ኖርስኛውን ዮሐና አቃናችልኝ። አንዱ ደብዳቤ ሕግ አይለውጥም ብላኛለች፤ ይሁን። ሪፖርቱ ውስጥ አሥራ አንድ ገጽ የጻፉለት "የቁጥጥር ስጋት" ሲባል የሆነ ትልቅ ባለሥልጣን ይመስለኝ ነበር። ለካ የባርነሃገ ረዳትም ልትሆን ትችላለች። ለአለቆችህ ንገራቸው፤ ጸዳለ ትባላለች በላቸው።

ስደት ያላሳጣኝ ልጄ፣ የሄድክበትን መንገድ እሱ ያቅናልህ፣ የምትመለስበትንም አይዝጋብህ። ከእናትህ ጉልበት የተረፈው ሁሉ ያንተ ነው።

እናትህ ጸዳለ

አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ሰው ስለ ሥራህ ሲጠይቀኝ "በኮምፒውተር ነው" ነው የምለው፤ ጌቱም የሚያውቀው ይህንኑ ነው። ይህን ዛሬውኑ ፎቶ አንስቼ በስልክህ እልክልሃለሁ፤ ለሚኒስቴሩ የጻፍኩትን ግን ሰኞ ግንቦት 12 እልከዋለሁ። ከዚያ በፊት ደውልለት። የዚህ ሳምንት ፈረቃው ከሰዓት ነው፤ ጠዋት ቤት ታገኘዋለህ። ድምፅህን ሲሰማ በጣም ነው ደስ የሚለው። ሳይደሰት በፊት የት እንደምትሠራ ንገረው።