በጠራራ ፀሐይ የዘነበው ዝናብ

መቱ፣ ጥር 9 ቀን 1974 ዓ.ም.

መቱ ዝናብ አያጣትም። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው ከሰው አይደማመጥም። እኔና ባለቤቴ አስካለ ታዲያ ጆሯችን ደከመ ላለማለት፣ ሳንደማመጥ በቀረን ቁጥር በዝናቡ ማላከክ ከጀመርን ሰነበትን። «ምን አልሽ?» ስላት «ዝናቡ እኮ ነው» ትለኛለች። በዚሁ ተስማምተን እንኖራለን።

ዛሬ ግን ተያዝን። የቀበሌውን የስብሰባ ጥሪ ሁለታችንም አልሰማንም። ከስብሰባ የቀረ ደግሞ ከቀበሌው ሱቅ ስኳር አይሰጠውም። የቀበሌው ጥበቃ ቶላ መጥቶ በሩን ሲደበድብም የሰማነው ዘግይተን ነው። ጉልበቴን እያባበልኩ ሄጄ እስክከፍትለት ድረስ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ።

«ጋሼ፣ ለምን ከስብሰባ ቀራችሁ?» አለኝ ጮክ ብሎ።

አስካለ ከኋላዬ ቀደመችኝ። «ዝናቡ መቼ አሰማን ብለህ ልጄ!»

ግቢያችን ውስጥ ያሰጣነው ቡና ፀሐዩን እየሞቀ ነው። ቶላ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ቡናውን አየ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። በመጨረሻ ኮፍያውን አውልቆ ዝናብ እንደመታው ሰው አራገፈና፣ «እውነትዎን ነው እትዬ፣ እኔንም አበስብሶኛል» ብሎ ሄደ። አጥሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ፣ ስለ ስኳሩ ይመስለኛል፣ አንድ ነገር ተናገረ።

«ምን አለ?» አለችኝ አስካለ።

እኔም አልሰማሁትም።

«ሲያባራ እነግርሻለሁ» አልኳት።