የጠመኔ ሳል

ጥቅምት 9 ቀን 1957
ቀኑን ሙሉ ሁለተኛ ክፍልን ማባዛት ሳስተምር ዋልኩ። ስልሳ ሁለት ልጅ በአንድ ክፍል... ሰሌዳውን ጠርጌ ስጨርስ ያው ሳሌ ተነሳብኝ። ጠመኔ ነው፣ ብናኙ ጉሮሮ ይፍቃል። ልጆቹም ለምደውታል፤ እስክጨርስ በምላጭ እርሳሳቸውን ይቀርጻሉ።
ማታ ልጄን ብርቅዬን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ፊደል አስቆጠርኳት። ሁለት ሦስት ብላ ደከማት። አራት ዓመት ሊሞላት ነው፣ ሳቅፋት ግን ክብደት የላትም። ሠራተኛችን ጣቢታ «እህል እምቢ ብላኛለች ጋሼ» አለች። ልጅ መቼ እህል ወድዶ ያውቃል?

ጥቅምት 21
ዛሬም አተኩሷታል። ሦስት ሳምንት ሆናት፤ የቆጠረችው ጣቢታ ናት። እናቷ በወሊድ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ ናት። የሆመቾ ልጅ ስለሆነች በሀዲይኛ ታባብላታለች። ብርቅዬም ሲከፋት በሀዲይኛ ነው የምታለቅሰው። አባቷ አስተማሪ፣ ቋንቋዋን የማያውቅ...
ሌሊት ከኔ ጋር ነው የምትተኛው። ላቧ አንሶላውን ያረጥበዋል።

ጥቅምት 27
ሚሲዮን ሐኪም ቤት። ከሦስት ቀን በፊት ለምርመራ ክንዷ ላይ የወጓት ቦታ አብጦ ቀልቷል፤ ጥሩ ምልክት አይደለም አሉ። በባዶ ሆዷ በአፍንጫዋ ቀጭን ቱቦ አስገቡባት። ድሬሰር ወልደኪዳን አስረዳኝ፤ «ልጅ አክታ አይተፋም፣ ይውጠዋል። ስለዚህ ከጨጓራዋ ነው የምንቀዳው።» ጣቢታ እጇን ይዛ አብራት አለቀሰች። እኔ ወጣሁ። ማየት አልቻልኩም።

ኅዳር 8
ሶዶ ወስጃት ራጅ ተነስታ ተመለስን። የሳንባ ነቀርሳ። እኛ ቤት?
ወልደኪዳን ፊልሙን ወደ መስኮት አዙሮ አሳየኝ። የአየር ቧንቧዋ አጠገብ ያሉት እጢዎች አብጠዋል። «በልጆች ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚጀምረው። ገና አልተሰራጨም። ክኒኗን ሳታቋርጥ ከዋጠች ትድናለች።» ሁለት ጊዜ ጠየቅሁት። ሁለቱንም ጊዜ ትድናለች አለ።
ከዚያ፣ «ከትልቅ ሰው ነው የሚይዛቸው። ቤት ውስጥ ማን ያስላል?»
«ሠራተኛዋ» አልኩ። ወዲያው። አልዋሸሁም፣ ባለፈው ሳምንት ጉንፋን ይዟት ነበር።
«የቤቱ ሰው በሙሉ ይመርመር» አለ። እኔ እንኳ የማስተምረው ክፍል አለብኝ፣ ጊዜ የለኝም።

ኅዳር 10
ጣቢታን አሰናበትኳት። «እኔ ደህና ነኝ ጋሼ፣ ይመርምሩኝ» አለች። የምን ምርመራ...
ለአጎቷ ደብዳቤ ጻፍኩ። በሽታ እንዳለባት፣ ዕቃዋን እንዲለዩላት። በራሷ እጅ ላክሁት፤ ማንበብ አትችልም። በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ከመሄዷ በፊት ክኒኑን ፈጭታ በማር እንዴት እንደምትለውሰው ሦስት ጊዜ አሳየችኝ።

ኅዳር 24
ብርቅዬ ክኒኑን ትተፋለች። በማር ለወስኩላት፣ ተፋችው። አፍንጫዋን ይዤ ሞከርኩ፣ ትን አላት። «ጣቢታ» ብቻ ነው የምትለው። ነገ እንሞክራለን።

ታኅሣሥ 6
ዛሬም አልዋጠችም። ትኩሳቱ ቀለል ብሏታል። ጥቂት ቀን ብታርፍ ምን አለ? እኔም ደክሞኛል።

ታኅሣሥ 19
ሶዶ። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። አዲሱ ፊልም ላይ ሁለቱም ሳንባዎቿ ጤፍ የተበተነባቸው ይመስላሉ። ሐኪሙ «በደም ተሰራጭቷል» አለ። «ክኒኑን ትወስድ ነበር?»
መልስ ልሰጥ ስል ሳል ያዘኝ። ቀና ብሎ አየኝ።
«ይህ ሳል ከጀመረዎ ስንት ጊዜው ነው?»
«የጠመኔ ነው።»
ክዳን ያለው ቆርቆሮ ሰጠኝ። «እዚህ ላይ ይትፉ» አለኝ።

ታኅሣሥ 21
ከኔ ነው። የኔ አክታ ውስጥ ተገኘ።

ታኅሣሥ 23
ብርቅዬ ዐረፈች።

የካቲት 3
በየቀኑ መርፌ ይወጉኛል። ትምህርት ቤት አልገባም። ወልደኪዳን ስልሳ ሁለቱን ልጆች እየመረመራቸው ነው። የአሥራ አንዱ ክንድ እንደ ብርቅዬ አብጧል። ስማቸውን በሙሉ አውቀዋለሁ፣ የት የት እንደሚቀመጡም። ፊት ወንበር ላይ ናቸው...

መጋቢት 5
ወልደኪዳን «ከእንግዲህ ለሰው አያስተላልፉም» አለኝ። ሆመቾ ሄድኩ።
ጣቢታ ከበረቱ ጀርባ ለብቻዋ በተቀለሰች ጎጆ ነው ያለችው። መጠጫ ጣሳዋ ማንም እንዳይነካው ደጅ ተሰቅሏል። አራት ወር ሙሉ። ደብዳቤዬን የመንደሩ ወንጌላዊ ለቤተሰቡ አንብቦላቸው ነበር።
ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ከበበኝ። ቆሜ ተናገርኩ። «በሽታው የኔ ነው። እሷ ላይ የጻፍኩት ሐሰት ነው።» አጎትየው ገብቶ ደብዳቤውን አመጣና መለሰልኝ። ጽሕፈቴ ያምራል፤ አንድ ስርዝ የለበትም።
ጣቢታ ግን የሰማችኝ አልመሰለኝም። በትከሻዬ አሻግራ የመጣሁበትን መንገድ ታያለች።
«ብርቅዬን የት ትተዋት መጡ ጋሼ?» አለችኝ።