የሲፊስ በግና የሲፊስ ልጅ

ሐሙስ፣ ጁላይ 3

የጎብኚዎቹ አውቶቡስ ወደ ምግብ ቤታችን መጣ። ዛሬም አንዷ ባርኔጣዋን እንዳጠለቀች ሙሳካ አለችኝ። የለም አልኳት። ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችኝ... የግሪክ ምግብ ነው ብላ ለኔ ለራሴ ታስረዳኛለች። ሙሳካ ከፈለግሽ ወደ ባሕሩ ውረጂ፣ እዚህ ተራራ ነው አልኳት። አስጎብኚው ሌላ ነገር አድርጎ ተረጎመላት መሰለኝ፣ ሳቀች።

አባዬ እሳቱ ጋ ሆኖ ሰምቷል። «ሮዳንቲ፣ ምላስሽን እዛ ጨው ውስጥ ቅበሪልኝ» አለ።

ከጨው ሌላ ሥጋው ላይ ምንም አናደርግም። በጉ አራት ቦታ ይቆረጣል፣ እንጨት ላይ ይሰካል፣ እሳቱን ከቦ ይቆማል። ነበልባሉ ሳይነካው፣ ከእሳቱ ጋር ፊት ለፊት እየተያየ ይበስላል። እንግዶቹ እሱን ፎቶ ያነሳሉ። ማረዱን ግን ማንም አያይም። ጓሮ ነው፣ የኔና የወንድሜ የማኑሶስ ሥራ ነው።

ሴትዮዋ በመጨረሻ ቀንድ አውጣ በላች። በሆምጣጤና በጥብስ ቅጠል የተጠበሰውን። ደገመች። ሙሳካ የት ሄደ?

ማኑሶስ ሲያልፍ «ይቺንስ አልመታሻትም?» አለኝ። ወንድም ተብሎ! የሒሳብ አስተማሪው ላይ ወንበር ከወረወርኩ ወዲህ በዚህ አይለቀኝም። ተባረርሽ ይለኛል። አልተባረርኩም። ራሴ ነኝ የወጣሁት... ወንበሩን ከወረወርኩ በኋላ።

እሑድ፣ ጁላይ 6

ማኑሶስ ጠዋት ሁለት ሙክት እየነዳ መጣ። ጆሯቸውን አየሁ። የኛ አቆራረጥ አይደለም። እዚህ አገር እያንዳንዱ ቤት የበጉን ጆሮ በራሱ መንገድ ነው የሚበጣው። ከገደሉ ማዶ የሚኖረው የጎረቤታችን የሲፊስ ናቸው።

«ለፋሲካ የኛን አልወሰደም?» አለኝ።

ወስዷል። ጨዋታው ይሄ ነው። ትሰርቃለህ፣ ታርዳለህ፣ ባለቤቱን ጠርተህ የራሱን በግ ታበላዋለህ። ከወራት በኋላ፣ ራኪ በሚባለው አረቄያችን ላይ፣ ወንዶቹ ብቻ ሲሆኑ ይነገረዋል። ወደደም ጠላም ይስቃል። ከዛ ተራው የሱ ነው። አያቶቻችንም እንዲህ ነበሩ።

«ሐሙስ ምሳ ጠርቼዋለሁ። አፍሽን ያዢ።»

እይዛለሁ አልኩት።

ሐሙስ፣ ጁላይ 10

አልያዝኩም።

ሲፊስ ከሚስቱ ከኤሮፊሊ ጋር መጣ። ሕፃኑን ታቅፋለች። ገና ክርስትና ስላልተነሳ ስም የለውም፣ ቤቢ ነው የሚሉት። አውቶቡሱም ቆሟል፣ በረንዳው ጢም ብሏል።

ሲፊስ ጎርሶ አላመጠ። «ጠንክሯል» አለ። በአገጩ ወደ እንግዶቹ እያሳየ፣ «ለነሱ ይሆናል። ጫማ ብትጠብሱላቸውም ይበላሉ።»

«አንተም እየበላህ ነው» አልኩት።

«ልጅት፣ ለካ ትምህርት ቤቱ ወዶ አይደለም ያባረረሽ። እጅሽ ለሳህን አይሆን፣ አፍሽ ለምንም አይሆን።»

ማኑሶስ እግሬን ረገጠኝ። ተሰማኝ እኮ። ግን ደሜ ቀድሞ ፈልቷል።

«ከጠነከረብህ ባለቤቱን ውቀስ። የራስህ በግ ነው።»

የኛ ሰው ብቻ ቢሆን ምናልባት ይስቅ ነበር። ግን አስጎብኚው፣ አፉ ይዘጋና፣ ተረጎመው። አውቶቡስ ሙሉ ሰው ሳቀ። አጨበጨቡ። ከምሳው ጋር የሚመጣ ትርዒት መሰላቸው። አንዱ ደግሞ ተነስቶ ሲፊስን ከነጉርሻው ቀረጸው።

ሲፊስ ያላመጠውን መዳፉ ላይ ተፋ። የሰውየውን ስልክ ነጥቆ እሳት ውስጥ ጨመረው። ከዛው ከእሳቱ ዳር አንዱን እንጨት ነቅሎ፣ ከነሥጋው፣ የማኑሶስን ፊት መታው። የጉንጩ ቆዳ ሲጮህ ሰማሁ። ማኑሶስ ጠረጴዛውን ገለበጠበት። እኔ የራኪውን ጠርሙስ የሲፊስ ትከሻ ላይ ሰበርኩት፣ ግማሹ እጄ ላይ ቀረ። ኤሮፊሊ ልጁን ደረቷ ውስጥ ቀብራ ግድግዳ ሥር ተቀምጣለች። እንግዶቹ ወደ አውቶቡሱ ይሮጣሉ።

አባዬ መጥረቢያ ይዞ መሀል ገባ። «ውጣልኝ» አለ።

ሲፊስ ወጣ። በሩ ላይ ዞሮ፣ «ማኑሶስ፣ ባዕድ ሳቀብኝ። ይቺ በራኪ አትወራረድም» አለ።

ቀኝ እጄ ተሰፍቷል። በግራዬ ነው የምጽፈው። ማኑሶስ አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።

ዓርብ፣ ጁላይ 11

ውሾቻችን ሞቱ። ሁለቱም። መርዝ።

እሑድ፣ ጁላይ 13

የሲፊስን መኪና አቃጠልን። ቤንዚኑን የያዝኩት እኔ ነኝ። ጎማው ሲፈነዳ ደስ አለኝ። እውነቱ ይሄ ነው።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 19



ቀትር ላይ፣ ሁሉም ሰው ሲተኛ። ማኑሶስ ውጪ ምድጃውን ይጠርግ ነበር። ተኩስ ሰማሁ። የመንገድ ምልክት የሚመቱ ጎረምሶች ናቸው ብዬ ተገላበጥኩ። ከዛ አባዬ ስሜን ጠራ። እንደዛ ጠርቶኝ አያውቅም።

የማኑሶስ አንድ ጉልበት የለም። ቦታው ላይ አጥንትና ሱሪ ተቀላቅሎ ነው ያለው። የጠረጴዛ ልብስ ጠቅልዬ ተጫንኩት፣ ነጩን፣ ለእንግዳ የምናነጥፈውን። ወዲያው ቀላ። መኪና ውስጥ እግሩን ታቅፌ ሄድኩ። ካልያዝኩት መንገድ ላይ የሚቀር መሰለኝ።

ሆስፒታል ፖሊሱ መጣ። ማነው የተኮሰው?

አላየሁም አልኩት። አባዬም አላየሁም አለ። ማኑሶስም ሲነቃ እንደዛው። ለፖሊስ አይነገርም። ለራሳችን ነው የምናስቀምጠው።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 22

ቆረጡት። ከጉልበት በላይ።

ማኑሶስ ጣራውን እያየ፣ «ስወጣ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኜም እገድለዋለሁ። አንቺ ትገፊኛለሽ» አለኝ።

እሺ አልኩት። ከልቤ ነበር። ደረጃው ላይ ስደርስ ነው የታወቀኝ... ሲፊስ እሱ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል? በሁለት እግሩ ያላመለጠ በአንዱ ያመልጣል? ወንድሜን በገዛ እጄ ገፍቼ ልወስድለት ነው።

ዓርብ፣ ኦገስት 1

የማርያም ጾም ገባ። አውቶቡሱ ካለፈው ሳምንት ወዲህ ቀርቷል። ሩዝ በወይን ቅጠል ጠቀለልኩ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። ጠዋት እነ ሲፊስ የፊት መስኮቶቹን በጥይት መትተዋቸዋል፣ ሩዙ ውስጥ መስታወት እየለቀምኩ ነው የዋልኩት።

አባ ሚሮን መጡ። ቄሳችን። 

«የሲፊስ ልጅ ክርስትና አልተነሳም» አሉ። «ከናንተ ቤት የወጣ እጅ ቢያነሳው ነገሩ ያልቃል። አበልጅ አበልጁን አይገድልም። ከሁለቱም ወገን።»

አባዬ፣ «የልጄን እግር ለበላው ሰው ልጁን ልሳምለት?» አለ።

«ሌላኛውንም እግሩን ከምትቀብር ይሻላል።»

«ሲፊስ እሺ ብሏል?» አልኳቸው።

«ሚስቱ ቢላ አንገቷ ላይ አድርጋ ነው እሺ ያሰኘችው። አንቺ ነሽ የምታነሺው፣ ሌላ ሰው የላችሁም። ስሙ ካሪዲሞስ ይሆናል፣ በሲፊስ ሟች አባት ስም። እንደ ደንቡ ውሃው ጋ ጮክ ብለሽ ትጠሪዋለሽ። ከዛ በፊት ማንም አይጠራውም።»

ለማኑሶስ ደወልኩለት። ካነሳሽው ከሲፊስ በፊት አንቺን ነው የምገድለው ብሎ ዘጋው።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 5

አነሳዋለሁ።

ይቅር ስላልኩ አይደለም። ማኑሶስ ሊወጣ ነው። ከወጣ ይሞታል። አበልጅ ከሆንን ግን ሲፊስ ሊነካው አይችልም፣ እሱም ሲፊስን። ቢነካው አገሩ በሙሉ ይተፋበታል፣ እናቱም ብትሆን በር አትከፍትለትም። ከዚህ ሌላ ወንድሜን የማስቀርበት ምን አለኝ?

ግን እንዲሁ በነጻ... አይሆንም።

እሑድ፣ ኦገስት 17

ቤተክርስቲያኑ ሞልቷል። የኛ ሰዎች በግራ፣ የነሱ በቀኝ። መሀሉ ባዶ።

አባ ሚሮን ሰይጣንን ትክጃለሽ አሉኝ። እክዳለሁ። ትፊበት አሉኝ። ሲፊስ በዛው በኩል ቆሟል። ደህና አድርጌ ተፋሁ።

ልጁን አራቁተው ሰጡኝ። በዘይት አሽተውታል፣ ያሙለጨልጫል። ይጮሃል። ድንጋዩ ወለል ታየኝ። አንድ ነገር አሰብኩ... እሱን አልጽፈውም። አጥብቄ ያዝኩት።

«የእግዚአብሔር አገልጋይ...» አሉና አባ ሚሮን አዩኝ።

«ማኑሶስ» አልኩ።

ሕፃኑ ራሱ ጩኸቱን አቆመ።

«ልጄ፣ ምን አልሽ?»

«ማኑሶስ ነው ስሙ፣ አባ።» ጮክ አድርጌ። ከኋላ አግዳሚ ወንበር ሲወድቅ ሰማሁ። ሲፊስ ባዶውን መሀል አቋርጦ መጣ፣ እጁ ወገቡ ላይ ነው። የኛዎቹም ተነሱ። አባዬ ከፊቴ ቆመ። ሰው ሊያልቅ ነው አልኩ በልቤ፣ ደግሞም በኔው አፍ።

ኤሮፊሊ ናት የተናገረችው። በቀዝቃዛ ድምፅ። «አባ፣ ልጁ በረደው። ይንከሩት።»

አባ ሚሮን ነከሩት። በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ፣ ማኑሶስ ብለው። አለቀ። አይመለስም።

ውጪ ሲፊስ የእጄን አንጓ ይዞ ግድግዳው ላይ ለጠፈኝ። ያልጠገገው ቁስሌ ተከፈተ፣ ደሙ ክንዴ ላይ ወረደ።

«የአባቴን ስም ሰረቅሽኝ።»

«አንተ እግር ወሰድክ። ጥራው እንግዲህ። ጠዋት ስትነሳ ጥራው፣ ማታ ስታስተኛው ጥራው።»

ሌላኛው ቡጢው ተነሳ።

«አበልጅህን ልትመታ ነው?»

አየር ላይ ቀረ። ከዛ ከጆሮዬ አጠገብ ድንጋዩን መታው። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ሁለታችንም እየደማን ወደ ግብዣው ገባን፣ ምን ይደረግ? በአንድ ትሪ ነው የቀረበልን፣ በበግ መረቅ የበሰለ፣ የሰርግ ሩዝ የምንለው። በላን።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 30

ማኑሶስ ትናንት መጣ። በክራንች። አላናገረኝም። ዛሬ ጠዋት ትልቁን ቢላ ሲስል ሰማሁት፣ ምንም ሳይታረድ።

ለምሳ እነ ሲፊስ መጡ። አበልጅ መጠየቅ አለበት፣ አይቀርም። የሲፊስ እጅ በጀሶ ታስሯል። አውቶቡሱም መጥቷል፣ ሌላ አስጎብኚ ነው። አንዱ ሙሳካ አለኝ፣ አልሰማሁትም።

ማኑሶስ በሩ ላይ ቆመ። ቢላው ወገቡ ላይ፣ እጁ ቢላው ላይ። ሲፊስ ተነሳ። አባዬ ከእሳቱ ቀና አለ። 

ልጁ አለቀሰ።

«ማኑሶስ፣ በቃ፣ ዝም በል የኔ ጌታ» አለች ኤሮፊሊ።

ወንድሜ ዞረባት። «ምን አልሽኝ?»

«አንተን አይደለም» አልኩት።

ስልክ ሲዘጋብን ስለከረመ ማንም አልነገረውም ነበር። ልጁን አየው። ቆይቶ እኔን አየኝ። ከዛ ሲፊስን።

«አንተም እንደዚህ ነው የምትጠራው?»

«ስሙ ነው» አለ ሲፊስ፣ መሬት መሬት እያየ።

«ጥራው እስቲ።»

ሲፊስ ልጁን አየ።  እንግዶቹ እንኳ ማኘክ አቆሙ።

«ማኑሶስ» አለ።

«አቤት» አለ ወንድሜ።

አልሳቀም። ግን እጁን ከቢላው ላይ አነሳ።